የቡና ዘመድ አዝማድ

ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር፣ መንገድ ዳር ረከቦት ዘርግተው ቡና የሚሸጡ እህቶቻችን በቀን ደጋግመው የሚመልሷት አንዲት ጥያቄ አለች፤ «ቡናው የየት ነው?» «የኢትዮጵያ» ሲሉ ደንበኛው ራሱን ነቅንቆ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ የለም። ባለፈው በጋ ግን አጠገቤ የተቀመጡ ሸምገል ያሉ የአገሩ ሰው መልሱን ሰምተው ዝም አላሉም። «ልጄ፣ ቡና እኛም ጋ አለ። ቦማ ላይ ማንም ሳይተክለው በጫካ ይበቅላል» አሏት። ልጅቷ «እውነትዎን ነው አባ?» ብላ ዝንጅብል የገባበትን ሁለተኛ ስኒ ቀዳችላቸው፤ ወሬውም ወደ ዶላር ምንዛሪ ተሻገረ።

አዛውንቱ ያሉት እውነት ነው። በደቡብ ሱዳን ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ ባለው የቦማ አምባ ላይ፣ አረቢካ የምንለው ቡና ወፍ ዘራሽ ሆኖ ይበቅላል። እንዲህ ያለው ወሬ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ትንሽ ቅር ያሰኛል። ቡና የእኛ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ስለ ካፋም ስለ ፍየል ጠባቂውም ከልጅነታችን ጀምሮ ተነግሮናል። ኩራታችን መሠረት የለውም አልልም። ከዓለም ሁሉ የአረቢካ ቡና ዓይነት በዛ ብሎ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። ቅሬታዬ ኩራቱ «መነሻው የት ነው?» በሚል አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ነው። ይህ ጥያቄ አንዴ ከተመለሰ ሰውን ሥራ ያስፈታል። መነሻውን አውቀናል፣ ባለቤቱ እኛ ነን፣ በቃ። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ የቡና ዘመዶች እነማን ናቸው? የት ይኖራሉ? ዛሬስ እንዴት ሰንብተዋል?

ዕፅዋትን የሚያጠኑ ሊቃውንት ቡናን የሚመድቡት «ሩቢያሴ» በሚሉት ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ከ13,000 የሚበልጡ ዝርያዎችና ከ600 የማያንሱ ወገኖች አሉት። አበባ ከሚያብቡ ዕፅዋት መካከል በዝርያ ብዛት የሚበልጡት የአደይ አበባ፣ የኦርኪድና የባቄላ ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። አባሉን ከባዕድ ለመለየት ሊቅ መሆን አያሻም። የቡና ቅርንጫፍ ይዘው ቢመለከቱ ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት በቅለዋል፤ ጠርዛቸው ልሙጥ ነው፣ ጥርስ የለውም። የሁለቱን ቅጠሎች እግር ትተው በመካከላቸው ግንዱ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ይዩ። እዚያ ሦስት ማዕዘን የሆነች፣ ፈልገው ካላዩዋት የማትታይ ቅርፊት ተለጥፋለች። ለጋው ቡቃያ ከመውጣቱ በፊት የምትሸፍነው እርሷ ናት። ፍሬው የሚያድገው ደግሞ ከአበባው ቅጠሎች በታች ነው፤ ስለዚህ በቀላ እሸት ቡና ጫፍ ላይ አበባው የወደቀበት ትንሽ ክብ ጠባሳ ሁልጊዜ ይቀራል። ያቺ ቅርፊትና ያ ጠባሳ በቦማ ጫካም፣ በማዳጋስካር ዳርቻም፣ በአማዞን ወንዝ አጠገብ በሚበቅል ቁጥቋጦም ላይ ይገኛሉ። በውቅያኖስ የተለያዩ ተክሎች ተመሳሳይ ምልክት ተሸክመው መገኘታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሙኑኪ ቡና አይበቅልም። ጁባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ600 ሜትር በታች ናት፤ ከኅዳር ማለቂያ እስከ መጋቢት ፀሐይዋ ለአረቢካ አትሆንም። ዘመዶቹ ግን እዚህም አሉ። ከከተማው ወጣ ሲሉ፣ በሣር ምድሩ መካከል፣ ቅርንጫፉ የተቆላለፈ አጭር ዛፍ ይታያል። አበባው ነጭ ሆኖ ይፈካና ውሎ ሲያድር ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ፍሬው ጠንካራና ቃጫ የበዛበት ስለሆነ ቶሎ አይወድቅም፣ ዛፉ ላይ ደርቆ ይከርማል። በአገራችን ቆላ «ጋምቢሎ» የሚባለው ይኸው ነው። ሱዳኖች «ካርመዶዳ» የሚሉት፣ ለወባና ለሆድ ሕመም የሚፈልጉት ዛፍም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ደጋችን ላይ ደግሞ ወይናግፍት አለች፤ ማሳ ዳር ስንሄድ ልብስ ላይ የምትለጠፈው አሽኪት አለች። ጠዋት ቡና ጠጥቶ ወደ እርሻው የሚሄድ ገበሬ አሽኪትን ከሱሪው ላይ ነቅሎ ሲጥል የቡናን ዘመድ መጣሉን የሚነግረው የለም።

ይህ ቤተሰብ ያልደረሰበት አህጉር ማግኘት ይከብዳል። የአሽኪት ወገን እስከ አርክቲክ ጠርዝ ይበቅላል። በኒው ጊኒ ደኖች የግንዱን ግርጌ አሳብጦ፣ በውስጡ ዋሻ ሠርቶ፣ ጉንዳን የሚያስጠልል የቤተሰቡ አባል አለ፤ ጉንዳኖቹ የሚጥሉት ጥራጊ ምግብ ይሆነዋል። እውነተኛ ቤቱ ግን የሐሩር ዝናባማ ደን ነው። ከዝርያዎቹ እጅግ የሚበዙት የሚኖሩት በምድር ወገብ ግራና ቀኝ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ከሰው ቁመት ብዙም ሳይርቁ ነው። ሳይኮትሪያ የሚባለው ወገን ብቻ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ማንም ቆሞ የማያያቸው የጥላ ቁጥቋጦዎች ናቸው።

ለምን እዚያ በዙ? ሙቀትና ዝናብ ስላለ ብቻ የሚለው መልስ አያጠግበኝም። እነዚህ ተክሎች ትንንሽና ሥጋ ያለው ፍሬ ያፈራሉ፤ ወፍ ወይም ጦጣ በልቶ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ይወስደዋል። በአዲሱ ሸለቆ የበቀለው ከቀድሞ ዘመዱ ተለይቶ ይቆያል። ምድር በየዘመኑ ስትደርቅ ደኑ ይበጣጠሳል፤ አንዱ ቁራጭ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ማዶ ይቀራል። ዝናብ ሲመለስ ደኑ ቢገጥምም ተክሎቹ ግን እንደ ቀድሞው አንድ አይሆኑም፤ መለያየቱ ሁለት አድርጓቸዋል። መጠጊያ ያገኘ ሁሉ ለብቻው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ዓይነቱ የበዛው በምቾት ብቻ አይደለም፤ በመለያየትም፣ በመጠለልም፣ እንደገና በመገናኘትም ነው። ስደተኛ በበዛበት ሰፈር ተቀምጬ ይህን ሳስብ ነገሩ የዕፅዋት ብቻ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ተክሉን የሰው ምሳሌ አድርጌ መጨረስ አልፈልግም። ተክሉ ራሱ በቂ ጉዳይ ነው።

እዚህ ወባ ይዞት የማያውቅ የለምና ስለ ሲንኮና አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። በአንዲስ ተራሮች ተዳፋት ላይ የሚበቅለው ይህ ዛፍ የቡና ዘመድ ነው። በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን፣ ፔሌቲዬና ካቫንቱ፣ ከቅርፊቱ ኩዊኒንን ለይተው አወጡ፤ ካፌይን ከቡና ተለይቶ የወጣው ከዚያ አንድ ዓመት ብቻ ቀድሞ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኩዊኒን የበዛበትን የሲንኮና ዘር መርጦ የሰበሰበው ማኑኤል ኢንክራ ማማኒ የሚባል የቦሊቪያ ተወላጅ ነበር። ዘሩ በእንግሊዛዊው ነጋዴ በቻርልስ ሌጀር በኩል በ1865 ከአገር ወጣ፤ ደቾች ጃቫ ላይ ተከሉት፤ ከዚያ በኋላ የዓለም ኩዊኒን አብዛኛው ከጃቫ ይመጣ ነበር። ማማኒ ዘር በማውጣቱ ታስሮ ተደብድቦ ሞተ። ዛሬ ጁባ ላይ ለወባ ቀድሞ የሚሰጠው ሌላ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው የተረፈው በአንድ የጫካ ዛፍ ቅርፊት ነው። ያ ዛፍ ሳይታወቅ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ማንም የቀረብን ነገር አለ ብሎ አያለቅስም ነበር። በጫካ ጥፋት ላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ የሚጠፋውን ሳናውቀው ስለሚጠፋ ሐዘን እንኳ የለውም።

ወደ ቡና ልመለስ። በቤተሰቡ ውስጥ ቡና የሚባለው ወገን በ2019 ሲቆጠር 124 ዝርያ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህም ተጨምሮበታል። ግማሽ ያህሎቹ በማዳጋስካር ደሴት የሚኖሩ ናቸው፤ ከእነዚያ ብዙዎቹ ካፌይን የሚባል የላቸውም። ሌሎቹ ከምዕራብ አፍሪካ ጫፍ እስከ ኬንያ ባሕር ዳርቻ፣ ከዚያም በህንድ በኩል እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ተበትነዋል። የሰው ልጅ በብዛት የሚጠጣው ግን ሁለቱን ብቻ ነው፤ አረቢካንና ሮቡስታን። ከመቶ ሃያ በላይ ወንድማማች ውስጥ ስሙ የሚነሣው የሁለቱ ነው ማለት ነው።

የሁለቱ ዝምድና ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይቀርባል። ሮቡስታ የአረቢካ ወላጅ ነው። ሌላው ወላጅ ዩጂኒዮይድስ የሚባል፣ በኡጋንዳ፣ በምዕራብ ኬንያ፣ በሩዋንዳና በአካባቢው ደጋማ ደኖች የሚኖር ቀጭን ቁጥቋጦ ነው። ሁለቱ እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም አላቸው፤ አረቢካ የሁለቱንም ጠቅልሎ ወርሶ 44 አለው። በ2024 የወጣ የዘረ መል ጥናት ይህ መዳቀል የሆነው ከ600,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገምታል። ያኔ አትክልተኛም ገበሬም አልነበረም፤ የእኛ የሰው ዘርም ገና በዚህ መልኩ አልታየም ነበር። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው አለ። ሁለቱ ወላጆች ዛሬ በዱር ሆነው ኢትዮጵያ ውስጥ አይገኙም። ልጁ ያለው በእኛ ደን ነው፤ ወላጆቹ ያሉት በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከኮንጎ ደን በኩል ነው።

ካርታ ዘርግቶ ማየት ይበጃል። ከጁባ በስተምዕራብና በስተደቡብ ምዕራብ፣ በያምቢዮና በዬይ በኩል፣ ታላቁ የኮንጎ ደን ሰሜን ምሥራቃዊ ጫፉን ይዘረጋል። እዚያ ሮቡስታ አለ። ኤክሴልሳ የሚባለው፣ ሥሩን አርቆ ሰዶ ድርቅን የሚችል ረጅም የቡና ዛፍም አለ፤ በቅርብ ዓመታት በምዕራብ ኢኳቶሪያ እየተተከለ ነው። በምሥራቅ በኩል ቦማ አለ፤ ከቦማ ቀጥሎ የሱሪ፣ የቤንች፣ የሸካና የካፋ ተራሮች ይከተላሉ። በደቡብ ምሥራቅ ኢማቶንግ ተራሮች ቆመዋል፤ ኪንየቲ የሚባለው ጫፋቸው 3,187 ሜትር ነው። ሙኑኪ የተቀመጠችው በእነዚህ ደኖች መካከል ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ ነው። ደኖቹ ምድር እርጥብ በነበረችበት ዘመን ይቀራረቡ እንደነበር የሁለቱ ወላጆችና የልጁ አቀማመጥ ራሱ ይመሰክራል። እኛ ዛሬ አቧራ የምንልበት ይህ ሜዳ የአንድ ቤተሰብ ሁለት ቤቶች የተለያዩበት ቦታ ነው።

አባቶቻችን ልጅ ሲድሩ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ ደም ከሩቅ ደም ጋር እንዲገናኝ። አብዛኞቹ የቡና ዝርያዎች ይህን ሕግ በተፈጥሮ ይጠብቃሉ፤ የአንዱ ዛፍ ብናኝ በዚያው ዛፍ አበባ ላይ ቢያርፍ ፍሬ አይሰጥም፣ የግድ ሌላ ዛፍ ይፈልጋል። አረቢካ ግን ሰባት ቤት አይቆጥርም። ከሁለት ባዕዳን መዳቀል ተወልዶ፣ ከተወለደ በኋላ በሩን ዘግቶ ከራሱ ጋር ይዳቀላል። ይህ ጠባይ ለሰው ጠቅሞታል፤ አንድ ዛፍ ብቻውን አገር ሊሞላ ይችላል። ሞልቷልም። ከኢትዮጵያ ወደ የመን የተሻገረው ጥቂት ዘር ነበር፤ ከየመን በጃቫ በኩል አምስተርዳም የደረሰው ደግሞ ከጥቂቱ ጥቂት ነበር። በ1714 የአምስተርዳም ሹማምንት ለሉዊ 14ኛ አንድ ችግኝ በስጦታ ሰጡት፤ ከዚያ ዘር የወጡ ችግኞች አትላንቲክን ተሻግረው የካሪቢያንንና የላቲን አሜሪካን ተራሮች አለበሱ። ዛሬ በብራዚልና በኮሎምቢያ ማለቂያ የሌለው የሚመስለው የቡና እርሻ በአብዛኛው የጥቂት ዛፎች ዘር ነው።

እንዲህ ያለ ቤተሰብ በሽታ ሲመጣበት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታመማል። በ1869 የቅጠል ዋግ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ገባ፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ የደሴቲቱ የቡና እርሻ ወድሞ ገበሬው ወደ ሻይ ዞረ። ዋግን ለመቋቋም የረዳው መድኃኒት የመጣው ከዘመድ ነው። በ1927 ቲሞር ደሴት ላይ አንድ ለየት ያለ ዛፍ ተገኘ። አረቢካና ሮቡስታ በራሳቸው ጊዜ ተዳቅለው የወለዱት ነበር፤ ዋግ አልያዘውም። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ዋግ የሚችሉ የቡና ዓይነቶች ብዙዎቹ ደማቸው ከዚያ ዛፍ ይመዘዛል። ከስድስት መቶ ሺህ ዓመት በኋላ ወላጅ መጥቶ ልጁን አዳነው። በአገራችንም በ1971 ፍሬውን አጥቁሮ የሚያበሰብሰው በሽታ ሲገባ፣ የጅማ ተመራማሪዎች መፍትሔውን ያገኙት በደን ውስጥ ሳይነካቸው የቀሩትን ዛፎች ፈልገው ነው። አስቡት፤ ደኑ ተመንጥሮ አንድ ዓይነት ቡና ብቻ ተክለን ቢሆን ኖሮ የምንፈልግበት ቦታ እንኳ አይኖረንም ነበር።

የቦማ ነገር የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። በ1941 ኡጋንዳ ይሠራ የነበረው ኤ. ኤስ. ቶማስ የሚባል የዕፅዋት ሰው ወደ አምባው ወጥቶ ቡናውን በጫካ ውስጥ አየ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጽፎ አሳተመ። ሩሜ ከሚባለው የቦማ ሸለቆ የተሰበሰበው ዘር «ሱዳን ሩሜ» ተብሎ ወደ ኬንያና ወደ ላቲን አሜሪካ የምርምር እርሻዎች ሄደ። ምርቱ ትንሽ ስለሆነ ገበሬ አይወደውም፤ ግን በሽታ ይችላል። ኬንያ በ1985 ያወጣችው ሩዊሩ 11 የሚባለው የቡና ዓይነት ከወላጆቹ አንዱ ሱዳን ሩሜ ነው። በመካከለኛው አሜሪካ የሚተከለው ሴንትሮአሜሪካኖ የሚባለው ዲቃላም እንዲሁ። በ2015 አውስትራሊያዊው ሳሻ ሴስቲች በሲያትል የዓለም የቡና ባሪስታዎች ውድድር ሲያሸንፍ ያቀረበው ኮሎምቢያ ውስጥ የበቀለ ሱዳን ሩሜ ነበር። በዚያው ዓመት ደቡብ ሱዳን በጦርነት ውስጥ ነበረች። የቦማ ልጅ በሲያትል ሲጨበጨብለት የደቡብ ሱዳን ሰው ከቀዬው ይፈናቀል ነበር። ይህን ሳስብ ልቤ ይደማል፤ ጁባ ውስጥ ይህን ወሬ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

በሚያዝያ 2012፣ አገሪቱ ነፃ ከወጣች ዓመት ሳይሞላ፣ የለንደኑ የኪው ዕፅዋት አፀድ ሊቅ አሮን ዴቪስና ባልደረቦቹ ቦማ ወጥተው ነበር። ቶማስ ጽፎት የነበረውን ከሚያዩት ጋር አስተያዩ። ደኑ ተጎድቶ፣ አበባው ሳስቶ፣ ችግኙ ጠፍቶ አገኙት፤ በዚህ አያያዝ የቦማ ዱር ቡና እስከ 2020 ድረስ ሊጠፋ እንደሚችል ተናገሩ። በዚያው ዓመት ያሳተሙት ጥናት የአየር ለውጡ ለዱር አረቢካ የሚመቹትን ቦታዎች እስከ 2080 ቢያንስ ከመቶ 65 እንደሚቀንስ ይገምታል፤ ይህ ቀለል ያለው ግምት ነው። በኋላ በ2021 የወጣ የዘረ መል ጥናት ከቦማ የተሰበሰቡት ናሙናዎች ከኢትዮጵያው የሚለዩ እንደሆኑ አሳየ። ስለዚህ ቦማ ከኢትዮጵያ ደን የተቆረሰ ትርፍ ቁራሽ አይደለም፤ እዚያ የሚጠፋው ነገር ካፋ ውስጥ ተተኪ የለውም።

«ታዲያ መነሻው እኛ ነን ወይስ እነሱ?» የሚል ይኖራል። ይህን ጥያቄ የሚያነሣው ወሰኑን አጥብቆ የሚያይ ሰው ነው። ወሰኑ የተሰመረው ዓፄ ምኒልክና እንግሊዞች በ1902 በተፈራረሙት ውል ነው። ቡናው ከውሉ በመቶ ሺዎች ዓመት ይቀድማል። ሰዎቹም ቢሆኑ ቦማ ላይ ያሉት ካቺፖዎች ቋንቋቸውን ከወሰኑ ማዶ ከሚኖሩት ዘመዶቻቸው ጋር ይጋራሉ። ወሰን አያስፈልግም እያልሁ አይደለም፤ ጁባ ውስጥ በመኖሪያ ፈቃድ የምኖር ሰው እንደዚያ ለማለት ድፍረት የለኝም። የምለው ባለቤትነት በመነሻ አይጸናም ነው። ኢትዮጵያ የቡና ባለቤት መሆኗን የሚያሳየው የፍየል ጠባቂው ተረት አይደለም፤ የሚያሳየው ጅማ አጠገብ በጮጬ በሕይወት ተተክሎ የሚጠበቀው የቡና ዓይነት ነው፤ በካፋ፣ በያዩና በሸካ የተከለለው ደን ነው፤ ለዚያ ደን ሲሉ መሬታቸውን ያልመነጠሩ ገበሬዎች ናቸው። ደኑ የሚጨፈጨፍ ከሆነ ግን «ቡና ከእኛ ነው» ማለት የሟች ዘመድን ስም መጥራት ብቻ ይሆናል።

የቡናን ዘር መጠበቅ ከጤፍና ከስንዴ ይከብዳል። ጤፍ ደርቆ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። የቡና ፍሬ ግን እንደዚያ ሲደረግ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል፤ የሚጠበቀው ዛፍ ሆኖ፣ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሰው እየኮተኮተው ነው። በ2019 የወጣው ጥናት ከ124ቱ የቡና ዝርያዎች 75ቱ የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው፣ ከመቶ 45ቱ በየትኛውም ስብስብ ውስጥ እንዳልተያዙ አስታውቋል። አረቢካ ራሱ በዱር ሲታይ ለመጥፋት በተጋለጡት ዝርዝር ውስጥ ነው። በየማለዳው በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚጠጣው ነገር በጫካው ውስጥ እየጠፋ ነው ሲባል ለማመን ያስቸግራል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ ገበያ የሚያውቀው ቡናውን እንጂ ዘመዶቹን አይደለም።

ሁለቱ አገሮች ከባዶ አይነሡም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1980 የጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራ በፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መሪነት በ2009 ተጠናቋል፤ 6,000 ያህል የዕፅዋት ዝርያዎች በስማቸውና በቦታቸው ተጽፈዋል። ለሱዳንና ለደቡብ ሱዳንም ከ4,000 የሚበልጡ ዝርያዎችን የያዘ ዝርዝር በ2015 ወጥቷል። ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲገለጡ የሩቢያሴ ቤተሰብ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ የሚቋረጠው የሰዎቹ ሥራ ነው። ቦማን ከኪው የመጣ ሰው አይቶታል፤ ከአሜሪካ የመጣም አይቶታል። የጅማ ሰውና የጁባ ሰው አብረው ሊያዩት ይገባል።

ስለዚህ ልመናዬ ለሁለት ወገን ነው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልና የጁባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ጊዜው ሳያልፍ ቦማ ላይ የቀረውን ቡና አብራችሁ ቁጠሩ፤ ዘሩን ከወሰኑ በሁለቱም በኩል ትከሉ። የአምባው ሰዎችም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሥራው ባለቤቶች ይሁኑ፤ እንደ ማማኒ ስማቸው ከጥቅሙ ተለይቶ አይቅር። እናንተ ሙኑኪ ያላችሁ የቡና ነጋዴ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ ደንበኛው «ቡናው የየት ነው?» ሲላችሁ «የኢትዮጵያ» ማለታችሁን አትተዉ፤ እውነት ነውና። ከዚያ ቀጥላችሁ ግን «እናንተም አገር፣ ቦማ ላይ አለ፤ ጠብቁት» በሉት።